ከፊዚክስ ዲግሪ ወደ ዶክትሬት፦ ከማመልከቻው እስከ ሥራው

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ፊዚክስ ተመርቄያለሁ፣ ውጤቴም አይከፋም፣ ፒኤችዲ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ገንዘብ የለኝም።" ከዚሁ እንጀምር። የፊዚክስ ዶክትሬት ከኪስ እየከፈሉ የሚማሩት ትምህርት አይደለም። አሜሪካ ባሉ ደህና ዲፓርትመንቶች የትምህርት ክፍያው ለተማሪው ይሸፈንለታል፤ መኖሪያውም በየወሩ ይከፈለዋል። እሱም በፋንታው መጀመሪያ ላይ ላብራቶሪ ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፤ ኋላ ላይ በአማካሪው የምርምር በጀት ይሠራል። ጀርመንና ስካንዲኔቪያ ውስጥ ደግሞ የዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሥራ ውል የፈረመ ደመወዝተኛ ነው።

ስለዚህ "ተቀብለናችኋል፣ ክፍያውን ግን ራሳችሁ ቻሉ" የሚል ደብዳቤ ቢመጣ እንደ እምቢታ ቁጠሩት። "እኔ አስገባችኋለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁም ስልኩን ዝጉት።

እውነተኛው ወጪ ዕድሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ5 እስከ 6 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አውሮፓ፣ ማስተርስ ይዞ ለገባ ሰው፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት። ያን ሁሉ ዕድሜ የምትሰጡት ለአንድ ሰውና ለአንድ ሙያ ነው። ሰውየው አማካሪያችሁ ነው። ሙያው ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ችሎታ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ከሁለቱም በኋላ ይመጣል።

1. መጀመሪያ የፊዚክሱን ዓይነት ምረጡ

ማመልከቻው ከሚዘጋበት አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። "ፊዚክስ እወዳለሁ" ማለት ለዚህ አይበቃም።

በአገራችን ብዙው የማስተርስ ቴሲስ በቲዎሪ ወይም በኮምፒውተር ስሌት የሚሠራ ነው። ምክንያቱ ይታወቃል፤ የላብ ዕቃ ውድ ነው፣ ሲበላሽም መለዋወጫው ቶሎ አይገኝም። ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለውን ፕሮግራም በነፃ አውርዶ የአንድን ክሪስታል ኤሌክትሮኖች ጠባይ ማስላት ይችላል። ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም ቲዎሪ ላይ ወንበሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ መሆኑን አትርሱ። ኤክስፐሪመንት የሚሠራ ሰው ቫኩም ፓምፕ፣ ሌዘር፣ ማቀዝቀዣ መሣሪያ በእጁ ይለምዳል፤ ያንን ችሎታ ከዩኒቨርሲቲ ውጪም የሚገዛው አለ። አገር ቤት ላብ አልነካሁም ብላችሁ አትሽሹት። ከዜሮ የሚያሠለጥኑ የምርምር ግሩፖች ብዙ ናቸው።

አገራችን ራሷ ላብራቶሪ የሆነችባቸው ዘርፎችም አሉ፤ እነዚህን ሳንቆጥር ማለፋችን ሁሌ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 መስከረም ላይ አፋር፣ ዳባሁ አካባቢ፣ ከሥር የመጣ ማግማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ሞልቶ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አላቀቀው። የዓለም ጂኦፊዚክስ ሰዎች ወደዚያ ጎረፉ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብም በአገራችን ላይ ያልፋል፤ ስለ አዮኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ስለተሞላው የላይኛው ከባቢ አየር፣ ለሚያጠና ሰው ይህ የትም የማይገዛ ዕድል ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሠራ ተማሪ ለውጭ አማካሪ ሲጽፍ የሚያመጣው ነገር አለው።

መስኩን የምትመርጡት እንዲህ ነው። አርካይቭ የሚባለውን የፊዚክስ ጽሑፎች ማከማቻ ክፈቱ፤ በነፃ ነው፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ለሦስት ወር በሳምንት ሁለት ጽሑፍ አንብቡ። ሁሉም እንዲገባችሁ አትጠብቁ። ሦስት ወር ሙሉ ስታነቡት ያልሰለቻችሁን ርዕስ ያዙ።

2. መንገዱን እወቁ

አሜሪካ በባችለር ዲግሪ በቀጥታ ዶክትሬት ውስጥ ይገባል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ማስተርስ ካልያዝኩ እያለ ሁለትና ሦስት ዓመት ያቃጥላል። አውሮፓ ግን ባመዛኙ ማስተርስ ይጠይቃል።

በመሐል ድልድይ የሚሆኑ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ትሪየስቴ፣ ጣሊያን ያለው ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. የመሠረተው፣ እንደ እኛ ካሉ አገሮች የሚመጡ ሰዎች ከሳይንሱ ዓለም እንዳይቆረጡ ብሎ ነው። የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራሙ ሙሉ ስኮላርሺፕ አለው። ከዚያ የወጣ ተማሪ ጥሩ ዶክትሬት ቦታ ማግኘቱ የተለመደ ነው። የዚሁ ማዕከል ቅርንጫፍ ኪጋሊ፣ ሩዋንዳ አለ። የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ ኤምስ የሚባለው፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ጋና፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ ውስጥ ማስተርስ ያስተምራል። በየሁለት ዓመቱ በተለያየ የአፍሪካ አገር የሚካሄደውን የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤትም ተከታተሉ፤ ጥቂት ሳምንት ነው፣ እዚያ የምትተዋወቋቸው ሰዎች ግን ዕድሜ ልክ ይጠቅሟችኋል።

አሜሪካና አውሮፓ ብቻ አይደለም መንገዱ። አራት ኪሎ ስታቲስቲካል ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ዶክትሬታቸውን የሠሩት ሕንድ፣ ባንጋሎር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራሱ በፊዚክስ ዶክትሬት ይሰጣል። አገር ውስጥ ለመማር ከወሰናችሁ ግን ከውጭ ላብ ጋር አብሮ የሚሠራ አማካሪ ፈልጉ፤ ያለበለዚያ መሣሪያ ሲጠፋ ሥራው መሐል መንገድ ይቆማል።

3. ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

አሰልቺ ነው፤ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ኮስት ሼሪንጉ ካልተዘጋ ዋናው ዲግሪ አይወጣም። ሬጅስትራር ደግሞ የሚቸኩል መሥሪያ ቤት አይደለም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከመስከረም በፊት እጃችሁ ይግባ።

ስማችሁን ተጠንቀቁ። ፓስፖርት ላይ፣ ትራንስክሪፕት ላይ፣ ፈተና ላይ፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ የስማችሁ የላቲን ፊደል አጻጻፍ አንድ ይሁን። እኔ ትራንስክሪፕቴ ላይ የአባቴ ስም ከፓስፖርቴ በአንድ ፊደል ይለይ ነበር። የተቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ ሰነዶቼን የሌላ ሰው ናቸው ብሎ አስቀምጧቸው ኖሮ፣ ጉዳዩ የተፈታው ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃችሁ የአባት ስም ወይም የአያት ስም ለመጻፍ አንዴ ወስኑና እስከ መጨረሻው አትቀይሩ። የልደት ቀናችሁን ከእኛ አቆጣጠር ስትመልሱም አንድ ጊዜ በትክክል አስልታችሁ ያዙት።

4. የድጋፍ ደብዳቤ

ሦስት ያስፈልጋል። ቢያንስ አንዱ ቴሲሳችሁን ካማከረው ሰው ይሁን። "ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ ሥነ ምግባሩም መልካም ነው" የሚል ደብዳቤ ምንም አይሠራም። የሚሠራው "ስሌቱ ሲከሽፍበት ራሱ ስሕተቱን አግኝቶ መጣ" የሚለው ነው።

አንዳንድ መምህር ሥራ ስለሚበዛበት "አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እኔ ልፈርም" ይላል። እባካችሁ በዚህ አትስማሙ። ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ ሰው ቋንቋ ሲመጣ አንባቢው ወዲያው ያውቀዋል። ይልቅ በአንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጁ፦ አብራችሁ የሠራችሁት ምን ነበር፣ የት ተቸገራችሁ፣ እንዴት ወጣችሁ፣ ለየትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች እያመለከታችሁ ነው፣ ቀኑስ መቼ ነው። መምህሩ ያንን ይዞ በራሱ አንደበት ይጽፋል። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲልኩላችሁም ለምኗቸው፤ ከግል ኢሜይል የመጣ ደብዳቤን የማይቀበሉ አሉ።

5. ለፕሮፌሰሩ ጻፉ

አውሮፓ ውስጥ ይህ ዋናው በር ነው። አሜሪካ ቅበላው በኮሚቴ ቢሆንም፣ ስማችሁን የሚያውቅ አንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ መኖሩ ይረዳል።

"ውድ ክቡር ፕሮፌሰር፣ በታላቅ አክብሮት..." ብሎ የሚጀምር፣ ለሃምሳ ሰው የተላከ ኢሜይል ሳይነበብ ይጠፋል። የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይህን ይምሰል፦

"ግሩፕዎ ስለ ሊድ ፔሮቭስካይት ያወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ስፒን ኦርቢት ሲጨመር ባንድ ጋፑ በጣም እንደሚያንስ ያሳያል። እኔ በማስተርስ ሥራዬ ያለ ስፒን ኦርቢት አስልቼ፣ በላብ ከተለካው ጋር የተቀራረበ ቁጥር አግኝቼ ተደስቼ ነበር። አሁን ሳየው ሁለት ስሕተቶች ተጣፍተውልኝ እንጂ ትክክል ሆኜ አልነበረም። ይህን በደንብ መሥራት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?"

አጭር ነው። ጽሑፉን ማንበባችሁን ያሳያል። ስሕተታችሁን ማየት እንደምትችሉ ያሳያል። ለተመራማሪ ከዚህ በላይ የሚጣፍጥ ነገር የለም። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንድ ጊዜ አስታውሱት፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

6. የዓላማ መግለጫው

እዚህ ላይ የአገሬ ልጆች የሚሠሩትን ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ኮከብ እያየሁ ፊዚክስን ወደድኩ" ብለው ይጀምራሉ። ሁለተኛው አንቀጽ ስለ አገር ድህነት ይሆናል። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲውን ያሞግሳል። አንባቢው ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ምርምር መሥራት ይችላል?

በዚህ ጀምሩ፦ "ስሌቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልረጋ አለ። የምወስዳቸውን ነጥቦች ባበዛሁ ቁጥር ኃይሉ ይዋዥቃል። ሲገባኝ፣ ውህዱን ኢንሱሌተር ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ እሱ ግን የብረት ጠባይ ነበረው።" ከዚያ ያደረጋችሁትን ንገሩት፤ ቀጥሎ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ፣ በመጨረሻም ለምን እዚያ እንደሆነና ከእነማን ጋር። ስለ ችግር መጻፍ ካስፈለገ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ መብራት እየጠፋ ስሌቱን በሌሊት ትሠሩ ከነበረ እሱን ጻፉት፣ እውነተኛ ዝርዝር ነውና።

7. ፈተናው፣ ክፍያው፣ ሰዓቱ

የእንግሊዝኛ ፈተና ብዙዎቹ ይጠይቃሉ። ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ የሚበቃቸውም አሉ፤ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። የፊዚክስ ጂአርኢ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ ዲፓርትመንቶች ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። የማይጠይቁትን አስቀድሙ።

ማመልከቻ ሲያስከፍል በዶላር ነው፤ የአገር ቤት ካርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። መጀመሪያ ዲፓርትመንቱን ከክፍያ ነፃ እንዲያደርጋችሁ ጠይቁ፤ አንድ ጨዋ ኢሜይል ይበቃል፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ። የማይሆን ከሆነ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ዘመድ ይከፍልላችሁ። ከስድስት እስከ አሥር ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይበቃል።

የአሜሪካ ማመልከቻ የሚዘጋው በብዛት ዲሴምበር ላይ ነው። ዲሴምበር 15 ማለት ታኅሣሥ 6 ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሲዘጋ፣ እኛ ጋ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59 ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ ማንም አይሰማችሁም። ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ።

8. ቅበላው ሲመጣ

መልሱ ከየካቲት ጀምሮ ይመጣል። በአሜሪካ አሠራር፣ የገንዘብ ድጋፍ ያለውን ቅበላ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ ድረስ አስባችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ቀድመው ቢያጣድፏችሁ አትደንግጡ።

በዚህ ጊዜ የግሩፑን ተማሪዎች አነጋግሩ፤ ፕሮፌሰሩ በሌለበት። አማካሪው በሳምንት ስንት ጊዜ ያገኛችኋል? ተማሪ በስንት ዓመት ይጨርሳል? ያቋረጠ አለ ወይ፣ ለምን? የተመረቁት አሁን የት ናቸው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። እኔ አልጠየቅሁም ነበር። የመጀመሪያ አማካሪዬ ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ በሁለት ወር አንዴ ካገኘሁት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ ስሟ ብዙም ወዳልተሰማ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ወደምትሰጠኝ አማካሪ ተዛወርኩ። ዶክትሬቴን የጨረስኩት በእነዚያ ማክሰኞዎች ነው።

ለቪዛው፣ የገንዘብ ማስረጃችሁ ከዲፓርትመንቱ የተጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ምርምራችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለፊዚክስ ላልተማረ ሰው ማስረዳት ተለማመዱ። የቪዛ ሕግ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ከኤምባሲው ገጽ ላይ እንጂ ከሰው ወሬ አትስሙ።

9. ውስጥ ከገባችሁ በኋላ

አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኮርስና ኳሊፋይንግ ፈተና (በዶክትሬቱ ለመቀጠል የሚታለፈው ፈተና) ናቸው። ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ሜካኒክስ። የአገር ቤት ተማሪ በሒሳቡ አይታማም። ለብቻችሁ አታጥኑ ብቻ፤ የድሮ ፈተናዎችን ሰብስባችሁ ሰሌዳ ላይ ከሌሎች ጋር ሥሩ።

የሚጎዳን ይሉኝታችን ነው። አማካሪው "በስሜ ጥሩኝ" ሲል ይከብደናል። አንቱ ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ስብሰባ ላይ ያልገባንን "ገብቶኛል" ብለን እንወጣለን፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ብቻችንን እንታሻለን። እዚያ ዝምታ እንደ ትሕትና አይታይም፤ ሥራ እንዳልሠራችሁ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሦስት መስመር ጽፋችሁ ግቡ፦ ምን ሠራሁ፣ የት ተያዝኩ፣ ቀጥሎ ምን። "የት ተያዝኩ" የሚለውን አትዝለሉት።

ካልሆነላችሁም፣ ማስተርስ ይዞ መውጣት የሚቻልባቸው ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ያ መብታችሁ ነው።

10. ሥራው

ሁሉም ፕሮፌሰር እሆናለሁ ብሎ ይገባል። በቁጥር ሲታይ ብዙዎቹ አይሆኑም። ፖስትዶክ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ ያለው ጊዜያዊ የምርምር ሥራ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ነው፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ ፖስትዶክ ይከተላል፣ ያውም ከአገር አገር እየተዘዋወሩ። ይህን ሕይወት ከወደዳችሁት ግቡበት። ሌሎቹን በሮች ግን ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ እያያችሁ።

አንደኛው የሕክምና ፊዚክስ ነው። የካንሰር ጨረር ማሽን ለበሽተኛው የሚሰጠው መጠን ትክክል መሆኑን በየጊዜው የሚለካው፣ ዕቅዱን የሚያሰላው ፊዚሲስት ነው። አገራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን እንደ ጅማና ሐሮማያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎችም ተጀምሯል። ማሽኑን መግዛት ይቻላል፤ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ግን ማሠልጠን ያስፈልጋል። እኔን ቢጠይቁኝ፣ አገሩ መመለስ ለሚፈልግ ወጣት የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ከዲግሪው ሌላ የሁለት ዓመት የሆስፒታል ሥልጠናና የቦርድ ፈተና አለው፤ መንገዱን ከመጀመሪያው አውቃችሁ ግቡ።

ሁለተኛው የቺፕ ኢንዱስትሪ ነው። ኔዘርላንድስ ያለው ኤኤስኤምኤል የሚባል ኩባንያ የሚሠራውን የቺፕ ማምረቻ ማሽን አስቡት። የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታ በሴኮንድ 50,000 ጊዜ በሌዘር ይመታል፤ ከዚያ የሚወጣው ባለ 13.5 ናኖሜትር ብርሃን ቺፑ ላይ መስመር ይስላል። ፕላዝማ፣ ኦፕቲክስ፣ ቫኩም፣ ሁሉም ፊዚክስ ነው። ኤክስፐሪመንት የሠራ ሰው እዚህ ይፈለጋል።

ሦስተኛው ዳታ፣ ሶፍትዌርና ፋይናንስ ነው። እዚህ የሚሸጠው ኮዳችሁና በተዝረከረከ መረጃ ላይ የማሰብ ልምዳችሁ ነው። የቲዎሪ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያልፉት በዚህ በር ነው። ኮዳችሁን ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ ጻፉ፤ ከምርምራችሁም ጥቂቱን በይፋ አውጡ።

አገር ቤት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም ያለው። የሚቲዎሮሎጂ፣ የሥነ ልክና የስፔስ ተቋማት አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃ የሚያነብ ሰው ትፈልግ ነበር፤ ይህ ሥራ ወደፊትም ይበዛል። ከዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፈቃድ ወስዳችሁ የሄዳችሁ መምህራን፣ የፈረማችሁትን የአገልግሎት ውል ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባችሁና ዋሶቻችሁ ምን እንደሚጠየቁ ከመነሻው እወቁት።

አሜሪካ ለምትጨርሱ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ በተማሪ ቪዛ 1 ዓመት፣ ለሳይንስ ዘርፍ ተጨማሪ 2 ዓመት የመሥራት ፈቃድ ሲሰጥ ቆይቷል። ማመልከቻው የራሱ ቀን አለው፤ ቴሲስ ስትጽፉ እንዳያመልጣችሁ። ሥራ መፈለግም ከመመረቂያው አንድ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሁለት ሲቪ አዘጋጁ። አንዱ ረጅም፣ ጽሑፎቻችሁ ሁሉ ያሉበት፣ ለዩኒቨርሲቲ። ሌላው አንድ ገጽ፣ "ይህን መሣሪያ ሠራሁ፣ ይህን ኮድ ጻፍኩ፣ ይህን አስተካከልኩ" የሚል፣ ለኩባንያ። ሁለተኛውን ፊዚክስ ላልተማረ ጓደኛ አስነብቡት፤ የቆመበትን መስመር አርሙት።